የሎላ ቡችሎች

አምቦ ውስጥ ደህና ውሻ የፈለገ ሰው የሚላከው ወደ ጋሽ ምትኩ ቤት ነው። ጋሽ ምትኩ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጀርመን ሼፐርድ እያራቡ ይሸጣሉ። ከጊንጪ የእህል ነጋዴው፣ ከባኮ የወፍጮ ባለቤቱ ይመጣላቸዋል። እሳቸውም ቡችላውን ከማስረከባቸው በፊት ገዢውን ቁጭ አድርገው ስለ እናትየው ስለ ሎላ ያወሩለታል። ስለ ጆሮዋ፣ ስለ ደረቷ፣ ሰው ስለ መለየቷ። ስለ ዳሌዋ ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ስለ ዳሌዋ የምታውቅ ልጃቸው ናኦሚ ነበረች። ከሎላ ልጆች አንዱ ገና በዓመቱ የኋላ እግሮቹ ሲከዱት፣ ያየው የእንስሳት ሐኪም ችግሩ ከእናት የሚወረስ እንደሆነና ሎላ ከእንግዲህ ባትወልድ እንደሚሻል ለአባቷ ሲነግራቸው እሷ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ጋሽ ምትኩ ሐኪሙን በትህትና ሸኙትና «ሰንሰለት ነው» አሉ። «አሳጥረው ያስሩታል፤ ከዚያ በዘር ያሳብባሉ።»

ሚስታቸው ከሞተች በኋላ የቤቱን ጭርታ ያስረሳቻቸው ሎላ ናት። በእሷ ላይ ክፉ መስማት አይሆንላቸውም። ናኦሚም አባቷን ላለማስከፋት ዝም አለች፤ ዝምታው ደግሞ እየዋለ እያደረ ለመደባት። ጉርሙ እስኪመጣ ድረስ።

ጉርሙ ጉደር ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ልጅ ነው። የውሃ ፓምፑን የሚጠብቅለት ውሻ ፈልጎ መጣ። ሌሎቹ ገዢዎች የቡችላ አፍ ከፍተው ጥርስ ሲያዩ፣ እግር ሲለኩ ነው ናኦሚ የምታውቀው። እሱ ግን አንዱ ቡችላ ጫማው ላይ መጥቶ ስለተኛበት፣ ጋሽ ምትኩ ስለ ሎላ የሚሉትን ሁሉ ብለው እስኪጨርሱ እግሩን ሳያንቀሳቅስ እንደቆመ ቀረ። ናኦሚ ይህን አይታ ሳቀች። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙና እሱም ሳቀ።

«የምመርጠው እኔ መስሎኝ ነበር» አላት።

ቡችላውን በአሮጌ ሹራቧ ጠቅልላ ስታቀብለው፣ ውሻ አሳድጎ እንደማያውቅ፣ ማወቅ ያለበት ነገር ካለ እንድትነግረው ለመናት። አባቷን አየት አደረገች። ስለ ክትባቱ ነገረችው፣ የዶሮ አጥንት እንዳይሰጠው ነገረችው። የቀረውን ዋጠችው።

ከዚያ በኋላ ጉርሙ አምቦን አዘወተረ። ቡችላውን ሌንጫ ብሎታል፤ አንበሳ ማለቱ ነው። አንድ ቀን ሌንጫ አስነጠሰ ብሎ ይመጣል፣ ሌላ ቀን አልተኛም ብሎ። አንዴማ ሽንኩርት በላ ብሎ ደውሎ፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ መሆኑን ስትነግረው እርሻውን ሊነቅል ደረሰ። እንደሚያወራው ቢሆን ኖሮ ያ ምስኪን ቡችላ ገና ዱሮ በሞተ ነበር። ውሎ አድሮ ሰበብ መፈለጉን ተወው፤ እሷም ሰበቡን መጠየቅ ተወች። ሁሉቃ ድልድይ አጠገብ ቆመው ሲያወሩ ወሬ ያልቅባቸውና ይተያያሉ። ስለ ዓይነ ስውር አባቱ ሲነሳ «ምች መትቶት ነው» ይላታል፤ እሷም ታዝናለች። መኸሩ ሲሰበሰብ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተው ነበር።

ሌንጫ ዓመት ሲሞላው ከተኛበት መነሳት አቃተው።

ጉርሙ መጀመሪያ የሮጠው ወደ ጋሽ ምትኩ ነው። እሳቸውም የለመዱትን መልስ ሰጡት። ልጁ ቃላቸውን አምኖ ሰንሰለቱን አውልቆ ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የውሻውን ዳሌ በሞቀ ውሃ ሲያሽ ሰነበተና ድልድዩ አጠገብ ናኦሚን አገኛት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

«ለምኑ?»

«በሹራብሽ ጠቅልለሽ የሰጠሽኝን ነፍስ አሽመደመድኩት። ቀን ቀን አሳጥሬ ነበር የማስረው። አንቺ ደግሞ ምንም አትዪኝም፤ የባሰብኝ እሱ ነው።»

እጁን ይዛ «አይዞህ» ብትለው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ከጊዜ በኋላ ራሱን ይቅር ይላል፣ ሽማግሌውም ይመጣል፣ ሠርጉም ይደገሳል። እጁን ይዛዋለች እንኳ። ግን ዓይኑ ውስጥ ያለው ጸጸት የእሱ አልነበረም፤ የእሷ ነበር፤ ተሸክሞላት ሲሄድ ማየት አልቻለችም።

«ሰንሰለቱ አይደለም» አለችው። «ከሎላ የወረሰው ነው። ሳትወስደው በፊት አውቅ ነበር።»

«የጠየቅኩሽ ቀን?»

«የጠየቅከኝ ቀን።»

«ሰሞኑን እኔ ነኝ እኔ ነኝ እያልኩ ስቃጠልስ?»

«ያኔም።»

እጁን ቀስ ብሎ ከእጇ አወጣ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ብትነግሪኝም እኮ እወስደው ነበር» አላት። ከዚያ የጉደር ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

ናኦሚ ቤቷ ገብታ ለአባቷ ከእንግዲህ ለሚመጣ ገዢ ሁሉ እንደምትናገር አስታወቀቻቸው። ቀልድ መስሏቸው ነበር። አንድ የጊንጪ ነጋዴ መጥቶ ስለ ሎላ ጆሮ ሲሰማ ከበር ላይ ሆና ስለ ዳሌዋ ነገረችው፤ ሰውየው አመስግኖ ባዶ እጁን ሄደ። ጋሽ ምትኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳቸውን ለብቻቸው መብላት ያዙ። ናኦሚ አባቷንም ፍቅረኛዋንም በአንድ ሰሞን አጣች። ስልኳን ታያለች፤ ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ይጠፋል፤ ሲመለስም ከጉርሙ የመጣ ነገር የለም። ናፈቃት፤ ተናግራ የተጸጸተችበት ጊዜም ነበር።

ጉደር ደግሞ ጉርሙ ተኮሳትሮ ሰነበተ። እናቱ ኡርጌ ምን ነካህ ብትለው፣ አውቃ ደበቀችኝ እያለ ሁሉንም ዘረገፈላት። ኡርጌ በዚያ ሰዓት ባሏን ምሳ እያበላች ነበር፤ እጁን ይዛ ወደ ሳህኑ ትመራዋለች።

«አንተስ ያባትህን ነግረሃታል?» አለችው።

«ምች ነው ብያታለሁ።»

«ያያትህንም ዓይን ምች መታው? ያጎትህንም? ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ሐኪሙ ልጆቹም ይመርመሩ ሲል አብረን ነው የሰማነው።»

ጉርሙ ሰምቶ ነበር። ግን ፈርቶ ሳይመረመር ቀረ። ምች የሚለውን ወሬ ደጋግሞ ሲያወራው ራሱም ሊያምነው ደርሶ ነበር። በናኦሚ ላይ የተቆጣው ቁጣ ሁሉ ወደ ራሱ ዞረ፤ በነጋታው ሊመረመር ሄደ።

ከሳምንት በኋላ ለናኦሚ አንድ መልእክት ደረሳት፦ «ሽማግሌ ልኬአለሁ። የሚሉትን ስሚና አንቺው ወስኚ።»

በአገሩ ደንብ ሽማግሌ የልጁን ምግባር አወድሶ፣ እሺ እስኪባል ሳይቀመጥ ይለምናል። የልጁን ጉድለት ማውጣት የሴቷ ወገን ፈንታ ነው። ለዚህ ነው የሽማግሌዎቹ መሪ ኦቦ ተሬፋ የጉርሙን ልመና ሲሰሙ፣ ሽምግልና ነው ወይስ ክስ ብለው የተቆጡት። ቢሆንም ቃል አስገብቷቸዋል፤ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጋሽ ምትኩ ሳሎን ቆመው እንዲህ አሉ፦

«አቶ ምትኩ፣ ልጅዎን ከመለመናችን በፊት ተናገሩ የተባልነው አለ። የልጃችን አባት የታወረው በምች አይደለም፤ ከዘር የመጣ የዓይን ግፊት ነው። የአያቱንም የአጎቱንም ዓይን ወስዷል። ልጁ ሰሞኑን ሲመረመር እሱም ላይ ጀምሯል። በጠብታ ይዘገያል ተብሏል፤ አይደርስብህም ያለው ግን የለም። ነገ የሚወለዱትም ሊወርሱት ይችላሉ።»

ጋሽ ምትኩ ስለ ዘር ሊጠይቁ ያዘጋጁት ጥያቄ ሁሉ ሳያስፈልግ ቀረ። ሰዎቹ በገዛ አፋቸው እምቢ የሚሉበትን ምክንያት አስረክበዋቸው ቆመዋል። ይህን ደብቀው ልጄን ወስደዋት ቢሆን ኖሮ ምን እል ነበር ብለው አሰቡ። እግራቸው ሥር ወደተኛችው ሎላ ጎንበስ ብለው ጭንቅላቷን ደባበሱ።

«ሎላ ከእንግዲህ አትወልድም» አሉ። «የወሰዱትንም ዞሬ እነግራቸዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ጉዳዩ ከምን እንደተያያዘ ግራ ገብቷቸው ተያዩ። ጋሽ ምትኩ ግን ደንቡን ትተው ናኦሚን ከጓዳ ጠሯት።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ፣ አባዬ።»

«እምቢ ማለት ትችያለሽ። ማንም አይቀየምሽም።»

ናኦሚ ፈራች። አንድ ቀን የጉርሙን እጅ ይዛ ወደ ሳህን ስትመራ ታያት። ልጇን ይዛ ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቅ ታያት። ሁሉንም አየችው፤ ቀላል ነው ብላ ራሷን አላታለለችም። ከዚያ ጉርሙ የት እንዳለ ጠየቀች። ኦቦ ተሬፋ እያፈሩ፣ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም ቢባልም አልሰማ ብሎ ውጭ መቆሙን ነገሯት።

አጥሩን ተደግፎ አገኘችው።

«ደብቄሽ ነበር» አላት።

«ሰማሁ። ፈርተሃል?»

«በጣም።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችው። «ግን አሁን የማላውቀው የለም። ና ግባ።»

እጁን ይዛ በሦስቱ ሽማግሌዎች ፊት ሳሎን ይዛው ገባች። እንዲህ ያለ ነገር አይተው የማያውቁት ኦቦ ተሬፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ምትኩ ሁለቱን ትንሽ አዩዋቸው፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው፣ «ምን ቆማችኋል? ተቀመጡ እንጂ» አሏቸው።