የአሚራ ጀሪካን

«የማን ነው ይሄ ጀሪካን?» አሉ የቦኖው ጠባቂ ጋሽ አራጋው፣ ሰማያዊውን ጀሪካን በእግራቸው ነካ እያደረጉ።

ሉሊት ሰምታለች። የአሚራ ነው። አሚራ «ዙሀራን ከትምህርት ቤት አምጥቻት እስክመለስ ጠብቂልኝ» ብላት ሄዳለች። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ወረፋ የሚይዘው ጀሪካኑ ነው፤ ተራው ሲደርስ ግን «የእገሌ ነው» የሚል ሰው ከሌለ ወደ ኋላ ይገፋል። ያን ማለት የነበረባት ሉሊት ናት።

በክረምትማ ማን ቦኖ ይመጣል? ከቆርቆሮው የሚወርደው ዝናብ በርሜሉን ሞልቶ ሲፈስ እናቷ «ድፊው፣ ሌላ ይመጣል!» ትላለች። በየካቲት ያቺው እናቷ ዕቃ ያጠበችበትን ውሃ እግር ታስታጥብበትና የተረፈውን ጎመኑ ላይ ታፈሰዋለች። ቦኖው የሚከፈተው በሳምንት አንዴ ነው። አሁን ደግሞ ውሃው እንደ ክር ቀጥኗል። የአሚራ ከቀደመ፣ ቀጥለው ያሉት የሉሊት ሁለት ጀሪካኖች ላይሞሉ ይችላሉ። ዩኒፎርሟ ከታጠበ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ትናንት ሚሊዮን የሚባል የክፍሏ ልጅ አፍንጫውን ይዞ አልፏታል።

«ባለቤት የለውም?» አሉ ጋሽ አራጋው እንደገና።

ሉሊት ጫማዋን አየች። ጀሪካኑ ወደ ኋላ ተገፋ። የእሷ ሁለቱ እንደሞሉ ውሃው ሄደ። ሰዉም እያጉረመረመ ተበተነ።

አሚራ ታናሽ እህቷን ዙሀራን እየጎተተች፣ እያለከለከች ደረሰች። «ተቀዳልኝ?»

«ጋሽ አራጋው ወደ ኋላ ገፉት። ያንቺ መሆኑን ብነግራቸውም እምቢ አሉ፣ ወላሂ!» አለች ሉሊት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

የአሚራ ከንፈር ደርቋል። ረመዳን ነው፤ እናቷ ጂዳ ስለሆነች የማፍጠሪያውን ሾርባ የምትሠራው እሷ ናት። ሉሊት ቁጣ ጠበቀች።

«አብሽሪ፣ አንቺ ምን ታደርጊ!» አለች አሚራ። «እንዲያውም ስለ እኔ ከትልቅ ሰው ጋር ተከራከርሽ። ከጎረቤት እለምናለሁ።» ባዶ ጀሪካኗን አንሥታ መንገድ ጀመረች።

ብትሰድባት ይሻል ነበር። ሉሊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ጋሽ አራጋው የቦኖውን በር እየቆለፉ ነው።

«ጋሽ አራጋው!» አለች፣ ካሰበችው በላይ ጮኻ። አሚራም ዞረች። «ቅድም የጠየቁት ጀሪካን የአሚራ ነበር። እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ አሁን ቧንቧውን ልለምነው?» አሉ ሽማግሌው።

አሚራ የዙሀራን እጅ ይዛ ሄደች።

ሉሊት አንዱን ጀሪካን ጋሽ አራጋው ዘንድ አስቀመጠች። ሌላኛውን በገመድ ጀርባዋ ላይ አሰረችና የቤቷን መንገድ ትታ ወደ አሚራ ሰፈር ወረደች። ሸክሙ ወገቧን ይቆርጣል፤ ቢሆንም አላረፈችም።

«እየተከተለችን ነው» አለች ዙሀራ ወደ ኋላ እያየች።

«አውቃለሁ» አለች አሚራ። አልዞረችም፤ እርምጃዋን ግን ቀነሰች።