ከማቀዝቀዣው የጠፋው ቢ ደም

ደም ተሰረቀ። ከሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከነከረጢቱ!

የተሰረቀባት ሴት ትናንት ወንድ ልጅ የተገላገለች አስተማሪ ናት። መድማቷ አልቆም ስላለ ሁለት ከረጢት ደም ተመደበላት፤ አንዱ ኦ፣ አንዱ ቢ። ቢው የለም። በኦው ብቻ ጀመሩላት። ካልበቃት ግን ጉድ ፈላ፤ ሌላ ደም ሆስፒታሉ ውስጥ የለም።

መርማሪዋ ሃያ ዓመት ሌባ ስታሳድድ እንዲህ ያለ አላጋጠማትም። «ወርቅ ሲሰረቅ አውቃለሁ። ደም? አጀብ ነው!» አለችና የደም ክፍሉን ቴክኒሻን ያዘችው።

«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ዘንድ።»

«ሸጥከው?»

«ምን ቆርጦኝ! ወረቀት ላደርስ አምስት ደቂቃ ወጣሁ። በሩን አልቆለፍኩም፤ ጥፋቴ እሱ ነው።»

ቀጥላ የጽዳት ሠራተኛዋን ጠራች። ሴትዮዋ ግን ቱግ አለች። «እኔን ከምትጠረጥሪ ይሄን እይ!» ባልዲዋን ዘረገፈችው። የተቆረጠ ባዶ ከረጢት ወደቀ። ከወንዶች ሽንት ቤት ነው ያገኘችው።

መርማሪዋ ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «ሊሸጥ የመጣ ሌባ የቱን ይወስድ ነበር?»

«ኦውን። ለሁሉም ስለሚሰጥ ተፈላጊ ነው።»

«እሷን ሊገድል የመጣስ?»

«ሁለቱንም። እሷ ኤቢ ፖዘቲቭ ናት፤ ከማንም ትቀበላለች።»

«እንግዲያው ሌባው የጠላው የቢውን ከረጢት ነው። የማን ደም ነበር?»

የታማሚዋ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ የስፖርት አስተማሪው። ስትወልድ ደም ሊያስፈልጋት እንደሚችል ሐኪም አስቀድሞ ስላስጠነቀቀ፣ ባለፈው ሳምንት በስሟ ለግሷል። በለጋሽነት ካርዱና በከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው።

«ካርድህን ማን አየው?» አለችው መርማሪዋ አስጠርታው።

«ማንም። ዛሬ ጠዋት ባሏ ብቻ 'እስቲ ልየው' ብሎ ተቀበለኝ። አመሰገነኝም። ግን ሲጨብጠኝ እጄን ሊሰብረው ነበር።»

ባልየው ልብስ ሰፊ ነው። ሚስቱ ከተኛችበት ክፍል በር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ከረጢቱን በምን ቆረጥከው?» አለችው መርማሪዋ፣ ቴክኒሻኑን አስከትላ መጥታ።

«የቱን ከረጢት?»

«ወንድሜ፣ ሞኝህን ፈልግ። ኪስህን አራግፍ!»

ትንሽ መቀስ ወጣች። ስለቷ ላይ ደም ደርቋል።

የባልየው ዓይን ደም ለበሰ። «አዎ፣ ደፋሁት! የእሱ ደም በሚስቴ ሥር ሲዞር ቁጭ ብዬ ልይ? ሁለት ዓመት ሙሉ 'እሱ እንዲህ አለ፣ እሱ እንዲህ አሳቀን' ስትለኝ ቻልኩ። ትናንት የልጁን ደም መረመሩት። ቢ! እሱም ቢ! እኔ ኦ ነኝ። ኦ ለሁሉም ይሰጣል አይደል የምትሉት? ለዓለም የሚሰጥ ደም ለገዛ ልጄ ሳይሰጥ ቀረ?»

ቴክኒሻኑ ጭንቅላቱን ያዘ። «አንተ ሰው! እሱ የመለገስ ሕግ ነው፤ መውለድ ሌላ! እናት ኤቢ፣ አባት ኦ ከሆኑ ልጅ ወይ ኤ ወይ ቢ ነው የሚሆነው። ኦ ቢሆን ኖሮ ነበር 'ሕፃን ተቀያየረ' ብለን የምንደነግጠው።»

ባልየው ሲቀና የኖረበትን ምክንያት ሁሉ በአንዴ ውሃ በላው።

ይሄኔ ነርሷ ብቅ አለች። «አልበቃትም! አንድ ከረጢት፣ አሁኑኑ!»

«የኔን!» ባልየው እየተርበተበተ እጅጌውን ሰበሰበ። «ኦ ነኝ፣ የኔን ውሰዱ!»

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሚስቱ ሁሉንም ሰምታለች። ድምፅዋ ቀጥኖ፣ ግን ጥርት ብሎ ወጣ። «ከማንም እቀበላለሁ አይደል ያላችሁት?»

«አዎ፣ እህቴ፤» አለ ቴክኒሻኑ።

«የእሱን ግን አልቀበልም። ብሞትም።»

መርማሪዋ ባልየውን አብሯት ለመጣው ፖሊስ አስረከበችና እጅጌዋን ሰበሰበች። «እኔ ኤ ፖዘቲቭ ነኝ። ቶሎ በል፣ መርምርና ቅዳ!»

አስተማሪዋ ተረፈች። ባልየው ከእስር ቤት ልጁን እንድታሳየው በሰው አስለመነ፣ አለቀሰ፣ ደብዳቤ ጻፈ። እሷ የመለሰችለት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«መጀመሪያ የማን እንደሆነ አጣራ።»