የሳራን ጉንጭ

ሳራን የምትባለው ወጣት ሚስት ማክሰኞ ጠዋት ሞተች። ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ነበር። ወንድሞቿ ወዲያው ሥር ቀቅሎ የሚያክመውን ሽማግሌ ባላን ከቤቱ ጎትተው ለፖሊስ አስረከቡት። ያጠጣት መራራ ውሃ ጉበቷን በላው አሉ። እስከ ረቡዕ ሌላ ጥፋተኛ ካልተገኘ ሽማግሌው ወደ ትልቁ እስር ቤት ይወሰዳል። ዕድሜው ሰባ ስምንት ነው፤ ከዚያ በሕይወት አይወጣም።

መርማሪ ሞሪባ ሳትቀበር ደረሰ። የሟቿን ፊት ብዙ አየ። ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ሐኪሟ ኩምባ ከአራት ወር በፊት የብዙ ወር ክኒን ሰጥታት ነበር። ከዚያ ጎርፍ መንገዱን ዘጋውና እስክትሞት ድረስ አልተያዩም።

«በሽታዋ ምን ነበር?» አላት ሞሪባ።

«የሰውነቷ ወታደሮች የገዛ ጉበቷን ጠላት ብለው ይወጉታል። ለምን እንደሚሳሳቱ በሙሉ አናውቅም። በዘር የሚወረስ ነገር አለበት፣ የሚቀሰቅሰውም ሌላ ነገር አለ። ክኒኑ ወታደሮቹን ሁሉ ያደክማል። የተሳሳቱትን ብቻ የሚያርም ሕክምና እየተሞከረ ነው። እስኪደርስላት ላቆያት ነበር።»

«ክኒኑ ሌላስ ምን ያደርጋል?»

«ያስርባል፣ ፊት ያሳብጣል። መራራ ነው፤ ሁሉም ያማርሩታል።»

ባሏ ዙማና የደረቅ ዓሣ ነጋዴ ነው። ሳራን ሙሽራ ሆና ስትመጣ ቀጭን ነበረች፣ ክኒኑን ስትጀምር አማረባት፣ ሰፈሩም «የዙማና ቤት ጠገበ» አለ ብሎ አለቀሰ። በኋላ እንደገና ከሳች።

የቤቱን ቁልፍ የምትይዘው ታላቋ ሚስት ኜሌ ናት። የሳራን ክኒንም በእሷ ሳጥን ነው የሚቀመጠው። ጣውንቷን እንደ እህት ታያት እንደነበር ተናገረች። ስትናገር ሁለተኛ ሳህን ገንፎ ጨረሰች። ሞሪባ የቀሚሷን ጎን አየ። ስፌቱ ተፈትቶ ሰፍቷል።

«ጨርቁ ያምራል» አላት።

«ያምና ነው። ዘንድሮ የተገዛው ለእሷ ነው። ለአንቺ ያምናው ይበቃል ተባልኩ።»

ባላ በእስር ክፍሉ ሆኖ እንደ መሳቅ አለ። «ሥሬ ሰው ቢገድል መጀመሪያ እኔን በገደለኝ፤ ቀማሹ እኔ ነኝ። ልጅቷ እኔ ዘንድ ስትመጣ ዓይኗ ቢጫ ነበር። ወደ ሐኪምሽ ሂጂ አልኳት። መንገድ የለም አለችኝ።»

ረቡዕ ጠዋት ሁሉም በዙማና ግቢ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ባላ እጁ እንደታሰረ ቆመ። ሞሪባ ከሳራን ብልቃጥ አንድ ክኒን ለዙማና ሰጠው።

«ቅመሰው።»

«ኖራ ኖራ ይላል።»

ኩምባ ከቦርሳዋ እውነተኛውን ክኒን ሰጠችው። ዙማና መሮት ተፋው።

«የመጀመሪያው ገበያ ትሪ ላይ የሚሸጥ ነው» አለ ሞሪባ። «ብልቃጡ በልኩ ጎድሏል፤ ስለዚህ በየቀኑ ትውጥ ነበር። የምትውጠው ግን መድኃኒቷን አልነበረም። መጀመሪያ ጉንጯ ጠፋ፣ ቀጥሎ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ባላ ዘንድ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። እውነተኛው ክኒን የት ገባ? ጉንጯን የወሰደው ሰው ሆድ ውስጥ ነው። ሳጥኑን የሚከፍት አንድ ሰው ነው። ስፌት የሚፈታውም የወፈረ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ኜሌ ዞሩ። ፊቷ ክብ ሆኗል፤ ክንዶቿ ግን እንደ ድሮው ቀጭን ናቸው።

«የመወፈሪያ መሰለኝ» አለች ቀስ ብላ። «በክኒኑ ነው ባሌ የወደዳት ብዬ እኔ ዋጥኩት፣ ለእሷ ከገበያ ገዛሁላት። ስትታመም ልነግራት አፈርኩ። ትሞታለች አላልኩም።»

ኩምባ ክኒኑን በድንገት ማቆም ኜሌንም ሊገድላት እንደሚችል፣ እስር ቤትም ብትሆን እየቀነሰች መዋጥ እንዳለባት ለሞሪባ ነገረችው። እሱም የባላን እጅ ፈታ። ሽማግሌው ማንንም ሳያይ ወጣ።

ዙማና ሚስቱን አፍጥጦ አያት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሦስት ወር ሆነኝ» አለች ኜሌ። «ፖሊሱ በአንድ ቀን አየኝ።»