በወንድሜ ፋንታ አቤት ያልኩ ቀን

ወላሂ፣ የማወራችሁ በራሴ የደረሰውን ነው። ያላመነ ይተወው፣ አቦ!

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት የሚከትበት ሰዓት...

እናታችን ከሞተች ወር አልሞላትም። ስትቀበር የዒድ ሂናዋ እንኳ ከጣቷ አልለቀቀም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ታናሽ ወንድሜ ሁዘይፋ እንቅልፍ የለውም። በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። እሱን ሳባብል እኔ ራሴ ማልቀሻ ጊዜ አጣሁ። ደክሞኝ ነበር... በጣም።

እናታችንን ሆዮ ነበር የምንላት። ልብስ ከምትሸጥበት ታይዋን ገበያ የምትመለሰው በዚሁ ሰዓት ነበር። አታንኳኳም ነበር። ከውጭ ሆና ሁዘይፋን ትጠራው ነበር።

ሁሌም ትለን ነበር፦ "በቀትር ስማችሁ ከተጠራ ቶሎ አቤት እንዳትሉ። ሰው ከሆነ ደጋግሞ ይጠራል። ሰው ያልሆነ አንዴ ብቻ ነው የሚጠራ።"

የዚያን ቀን በሩን ቀርቅሬ ሁዘይፋ የተኛበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩለት።

"ኢፍራህ... ሰማሽ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"ሆዮ ጠራችኝ።"

"ስንቴ?"

"አንዴ..."

እኔ ምንም አልሰማሁም።

"አቤት ልበላት? ፀሐይ ላይ ቆማለች እኮ!" ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አንጀቴን በላው። እሱ ከሚል እኔ ልበል፣ ብቻ ይረፍልኝ ብዬ ጮህኩ።

"አቤት ሆዮ! ግቢ!"

ወዲያው ለቅሶውን አቆመ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አንሶላውን ተከናነበ። ከአንሶላው ሥር እጄን ያዘኝ።

አልሐምዱሊላህ፣ ተኛልኝ! እኔም ባለሁበት ሸለብ አደረገኝ።

በሩ ሲደበደብ ነቃሁ።

"ኢፍራህ! ኢፍራህ! ክፈቺልኝ አቦ!"

የሁዘይፋ ድምፅ ነው።

መቀርቀሪያው ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው...

"ማን ነው ያወጣኝ? ኢፍራህ! መሬቱ እግሬን አቃጠለኝ!"

ሸበጡ አልጋው ሥር ነው።

"ኢፍራህ! ኢፍራህ!"

ደጋግሞ ነው የሚጠራኝ...

ልነሳ ስል የያዘኝ እጅ ጠበቀ።

"ልቀቀኝ..." አልኩ።

ወንድሜ ደጅ ላይ እያለቀሰ ይለምነኛል። እኔ መነሳት አቃተኝ። ጎትቼ፣ ጎትቼ... አልሆነም።

አንሶላው ተንሸራቶ ወረደ።

የያዙኝ ጣቶች ጫፋቸው በሂና ቀልቷል።