ጨው የናፈቀው አናጢ

አናጢው የሞተው ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ያመለከቱ ሰዎች ጤናቸው በሚመረመርበት ክሊኒክ ውስጥ፣ ደም ሰጥቶ አረፍ ባለባት ጠባብ ክፍል ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው አልጋው ላይ እንደተንጋለለ ነበር፤ በክንዱ መታጠፊያ ላይ የተለጠፈው ጥጥ እንኳ አልተነሳም። ራስጌው ካለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ፔርሙስና ኩባያ የሆነው ክዳኑ ተቀምጠዋል። የእንጨት ሙጫ የጠጡት ጣቶቹ ደረቱን እንደጨበጡ ቀርተዋል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል። ቅጥነቷን አይተው ብቻ አይደለም፤ የያዘችውን ነገር ሳትበሳ አትተወውም።

ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ነጭ ጋውኑ ተተኩሶ ቀጥ ብሏል።

«ፖሊስ መጥራት አያስፈልግም ነበር፤ ነርሷ ናት የቸኮለችው» አለ። «ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። እንዲህ ያለ በሽተኛ ልቡ ድንገት ቀጥ ቢል አይገርምም።»

«ምርመራውን ያልፍ ነበር?»

«በፍጹም! የኩላሊት እጥበት እኮ የዕድሜ ልክ ነው። ተቀባዩ አገር ለአንድ ሰው ሕክምና ለሚያወጣው ወጪ ጣሪያ አበጅቷል። ሰውየው ከጣሪያው በላይ ነው።»

«እሱ ቀርቶ አብረውት ያመለከቱት ሚስቱና ልጁ ቢሄዱስ?»

«አይቻልም። ባል እስከሆነ ድረስ አብሮ ይቆጠራል፤ አንዱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክፉ አናገረኝ አይበሉኝና፣ እንግዲህ የቤተሰቡ ጉዳይ ይቀላል።»

ሰውየው ገና አልቀዘቀዘም፤ ሐኪሙ ግን ከመንገድ ላይ ድንጋይ እንደተነሳለት ሰው ተንፍሷል። መርማሪዋ ወደ ነርሷ ዞረች።

«ምን አጠራጥሮሽ ደወልሽ?»

«ደስ ብሎት ስለነበር ነው» አለች ነርሷ፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ጥጡን ላይለት ስገባ እንደ ልጅ ይስቃል። ‹ሲስተር፣ ዛሬ ጨው ቀመስኩ!› አለኝ። ሐኪሞች ጨው ከከለከሉት ዓመታት አልፈዋል። ‹አማቴ አዝናልኝ ሾርባው ላይ ጣል አድርጋበታለች፤ ትንሽ መረር ይላል እንጂ ጨው ነው› አለ። ጨው መቼ ነው የሚመረው ብዬ እያሰብኩ ወጣሁ። ብዙም አልቆየ፤ ደረቴን ብሎ ጮኸ።»

«ማን ነበር አብሮት?»

«ሚስቱ። ከሷ በቀር ወደዚህ ክፍል የገባነው ዶክተሩና እኔ ነን፤ ዶክተሩ የገባው ከጮኸ በኋላ ነው።»

መርማሪዋ ፔርሙሱና ኩባያው ለየብቻ ታሽገው ወደ ላቦራቶሪ እንዲላኩ አዘዘች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሚስቱን ወንድም ነው። የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ የዚያን ዕለት ጠዋት በክሊኒኩ በር ላይ አናጢው ላይ ሲጮህ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

«ምን ነበር ያልከው?»

«‹ያንተ ኩላሊት የሁላችንንም እግር አሰረ› አልኩት። ምን እክዳለሁ? ምላሴ ይቆረጥ!» ግንባሩን በመዳፉ መታ። «እህቴ ቀድማ ሄዳ እኔን ልትስበኝ ነበር። ግን ከተናገርኩት በኋላ ፊቱን ማየት አቃተኝና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ዘበኛውን ጠይቂው፤ እዚያው ነው መርዶውን የነገረኝ።»

ዘበኛው እውነት ነው አለ።

«እህትህስ ምን ትል ነበር?»

«እሷማ ቅድስት ናት! ‹ፍቺውና ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ› ብላት በጥፊ አጮለችኝ። እሱ ራሱ ፍቺኝ ብሎ ቢለምናት እያለቀሰች እንቢ አለች። ሰፈሩ በሙሉ ‹ሚስት ማለት እሷ ናት› ይላል።»

ለቅሶ ቤት ስትሄድ መርማሪዋ ይህንኑ ሰማች። ሚስትየዋ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ውጭ አገር ሥራ ያገኘችውም በዚሁ ሙያዋ ነው። ጥቁር ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ከግራ ከቀኝ የከበቧት ሴቶች ያወድሷታል፤ «ጥላው መሄድ ስትችል እስከ መጨረሻው አስታመመችው!» ይላሉ። በያንዳንዱ ምስጋና ራሷን ዝቅ አድርጋ ትቀበላለች።

«ከሞተበት ዕለት በፊት በነበረው ቀን ኩላሊቱን ሊታጠብ ቀጠሮ ነበረው። ለምን ቀረ?» ስትል መርማሪዋ ለብቻዋ ጠየቀቻት።

«ክሊኒኩ ነዋ! ከምርመራው በፊት አትታጠብ ብለውት ነው።»

«ሾርባውን ማን ቀዳለት?»

«ራሱ ቀድቶ ጠጣ። እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ።»

«ጨው ቀመስኩ ብሏል ይባላል።»

ሴትየዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከዚያ እንባዋ ወረደ። «ምግቡን የምትሠራው እናቴ ናት። ያረጀች ሴት ናት፤ ዓይኗም ደክሟል። እባክሽን፣ ስህተትም ቢሆን አታስጨንቂብኝ።»

መርማሪዋ ወደ ወጥ ቤቱ ገባች። አሮጊቷ እናት ሁለት ድስቶች ፊት ለፊት አስቀምጠው አንዱን እያዩ ይተክዛሉ። ትንሹ ድስት የአማቻቸው ነበር።

«እማማ፣ የሱ ሾርባ ላይ ጨው አድርገውበታል?»

«እኔን ይድፋኝ፣ የኔ ልጅ! ቅንጣት አላደረግሁም። የልጅ ልጄም ከዚያው ድስት ጠጥታ ነው ትምህርት ቤት የሄደችው፤ ‹አያቴ፣ ይሄ ውሃ ነው› እያለች።»

መርማሪዋ መደርደሪያው ላይ ያለውን የፕላስቲክ ዕቃ አነሳች። ውስጡ ጨው የሚመስል ነጭ ዱቄት አለ።

«እሱ የኔ ነው» አሉ እናትየው። «ደም ግፊት ስላለብኝ በጨው ፋንታ ተጠቀሚ ተብዬ ነው። ሐሞት ነው፤ ይመራል። አንድ ቀን ለሱም ‹ጨው አይደለም ከተባለ ላድርግለት› ብዬ ቆንጥሬ ነበር። ልጄ እጄን ለቀም አደረገችው። ‹እማዬ፣ ኩላሊት ለሌለው ሰው መርዝ ነው! ይገድለዋል!› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ድስቱ አላስጠጋሁትም።»

መርማሪዋ ዕቃውን ይዛ ወደ ሳሎን ተመለሰችና ለሚስትየዋ አሳየቻት።

«ይህ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«እኔ እንጃ» አለች ሴትየዋ፤ ዓይኗን ከዕቃው ሳታነሳ። «የእናቴ መድኃኒት መሰለኝ። ምን እንደሆነ ጠይቄም አላውቅ።»

ወስፌ ዕቃውን አሽጋ ያዘችው። ወጥታ በረንዳው ላይ አየር ሳበች።

ከቀብሩ በኋላ፣ የላቦራቶሪው ውጤት ሲደርስ፣ ሚስትየዋን፣ እናቷን፣ ወንድሟን፣ ሐኪሙንና ነርሷን በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ክፍሉ ለዚያ ከሰዓት ለተመርማሪዎች ተዘግቷል። ሆኖም የመድኃኒቱ፣ የፀረ ጀርሙና በፍርሃት ያላበው ሰው ጠረን ከግድግዳው አልለቀቀም።

«አናጢው በበሽታው አልሞተም» ብላ ጀመረች። «ተገድሏል። የተገደለው እናትየው በሚጠቀሙበት ምትክ ጨው ነው፤ ፖታሲየም አለበት። ደህና ኩላሊት ያለው ሰው ያስወጣዋል። ኩላሊቱ ለማይሠራ፣ ያውም እጥበቱን ለዘለለ ሰው ግን ልብ ያቆማል። ዶክተር፣ እጥበቱን እንዲተው አዘዋል?»

«እኔ? ኧረ በጭራሽ!»

«እውነቱን ነው» አለች ነርሷ። «ከእጥበቱ ጋር እንዳይጋጭ ብዬ የምርመራውን ቀን ያዛወርኩት ራሴ ነኝ። ለሚስቱም ደውዬ ነግሬያታለሁ።»

«ስለዚህ ያስቀረው ክሊኒኩ አይደለም። አሁን ወደ ጨው እንምጣ። ሟቹ አማቴ ናት ያደረገችልኝ ብሎ ነበር የጠጣው፤ ሌላ ሰው አልጠረጠረም። እኔም መጀመሪያ እናትየውን አስቤ ነበር። ነገር ግን ፔርሙሱ ውስጥ የተረፈው ሾርባ ንጹሕ ነው፤ ዱቄቱ የተገኘው ኩባያው ውስጥ ብቻ ነው። ወጥ ቤት የቀሩ ሴት እዚህ ያለ ኩባያ ውስጥ ምንም ሊጨምሩ አይችሉም። ወንድምየው መኪናው ውስጥ ነበር። ነርሷ ገዳይ ብትሆን ኖሮ፣ ሁሉም የበሽታ ሞት ነው ብሎ ሊቀብረው ሲል ለኛ አትደውልም ነበር። ዶክተሩ ሲገባ ሰውየው ጠጥቶ ጨርሷል።»

ሁሉም ወደ አንድ ወንበር ዞሩ።

«ራሱ ነው የቀዳው ብዬሻለሁ!» አለች ሚስትየዋ።

«በየትኛው እጁ? አንዱ ክንዱ ደም ተቀድቶበት ጥጥ ተለጥፎበታል፤ በሌላው ጥጡን ተጭኖ ይዟል። ሲስተር፣ እንዲህ ነበር?»

«አዎ። እንዳትለቀው ብዬው ነበር። ደሙ ቶሎ አይረጋለትም።»

«የዚያን ፔርሙስ ክዳን ለመፍታት ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ።» መርማሪዋ እስካሁን ሚስትየዋን «እርስዎ» ስትል ነበር፤ አሁን ተወችው። «አንቺ ነሽ ቀድተሽ ያጠጣሽው። ዱቄቱ እንደሚገድለው የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ የእናትሽን እጅ የያዝሽው ለዚህ ነው። ስጠይቅሽ ግን አላውቀውም አልሽኝ። ከዚያም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! የወለደችሽን ሴት ‹ዓይኗ ደክሟል› ብለሽ አቀረብሽልኝ።»

እናትየው ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ለምን እገድለዋለሁ?» አለች ሚስትየዋ፤ ድምጿ ግን ሰልሏል። «ብፈልግ ፈትቼው እሄድ የለም?»

«እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነበር» አለች መርማሪዋ። «ዶክተር፣ አናጢው የዚያን ዕለት ምን አለዎት?»

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደም ከመስጠቱ በፊት ነው... ‹እንድትፈታኝ እርስዎ ይንገሯት፤ እኔ ስነግራት ታለቅሳለች። እነሱ ይለፍላቸው፤ እኔ እዚሁ እንጨቴን እየላግሁ እኖራለሁ› አለኝ። ይህ የኔ ሥራ አይደለም ብዬ መለስኩለት።»

ወንድምየው ከወንበሩ ተነሳ። «ይለቅሽ ነበር እኮ! በገዛ አፉ ፍቺኝ ብሎሻል! አንቺ ምን ጎደለብሽ?»

ሴትየዋ ድንገት ቀና አለች። በፊቷ ላይ የነበረው ትሕትና ሁሉ ተገፈፈ።

«ምን ጎደለብሽ ትለኛለህ? በሽተኛ ባሏን ጥላ ሄደች ልባል? ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ወሬ ልሸከም? ተማሪዎቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ ልጄ ራሷ ነገ አድጋ እንዲህ ትበለኝ? እሱ እንደሆነ መሞቱ አይቀር!»

«ፈትታ ሄደች ከሚሉሽ ቀብራ ሄደች እንዲሉሽ መረጥሽ» አለች መርማሪዋ። «ጨው ናፍቆት እንደሞተ ታውቂያለሽ? ኩባያውን ወደ አፉ ስታስጠጊለት ደስ ብሎት ነበር።»

ሐኪሙ ተነስቶ ጋውኑን አስተካከለ።

«ያሳዝናል። እንግዲህ የልጅቷን ጉዳይ ብቻዋን ማየት...»

«ይቀመጡ!» አለችው መርማሪዋ። «የሰውየው መሞት ጉዳዩን እንደሚያቀል ለቤተሰቡም እንዲህ ሹክ ይሉ ነበር?»

«እኔ ደንቡን ነው የማስረዳው» አለ። «‹በሕይወት እስካለና ባልሽ እስከሆነ ድረስ› ብዬ ለሷም አስረድቻለሁ። ምን አጠፋሁ?»

ነርሷ ከአጠገቡ ተነስታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሁለት ፖሊሶች ገብተው ሚስትየዋን ሲያስነሷት እናትየው መንገዷ ላይ ቆሙ። ወንድምየው በጥፊ ሊሏት ነው ብሎ ሊይዛቸው እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን አልነኳትም።

«ልጅሽን እኔ አሳድጋታለሁ» አሉ። «አባቷ የሠራላት አልጋ ላይ አስተኛታለሁ፤ ሲመሽም ሲነጋም ስሙን እጠራላታለሁ።»

«እማዬ...»

«ያንቺን ስም ግን» አሉ እናትየው፣ «እንዲያ የሳሳሽለትን ስምሽን፣ እኔ ቤት የሚያነሳው የለም።»

ከዚያም ለፖሊሶቹ መንገድ ለቀቁላቸው።