ወደ አንድ የተጠቃለለ ዕዳ

መልካሙ ጠዋት ፊቱን ታጠበ፤ የልጁን የርሆቦትን የደንብ ልብስ ቆለፈላት፤ ሻዩን ቆሞ ጠጣ። «ሐይቁ ዳር ከአዘዘ ጋር ቀጠሮ አለኝ፤ ከዚያ ወደ ኮሌጅ» ብሎ ወጣ። እኩለ ቀን ሳይሞላ አስከሬኑ ከጣና፣ ከዳሩ ግንብ ሥር ወጣ።

ሚስቱ ቃልኪዳን ስትደርስ፣ ጓደኛውና የብድር ዋሱ አዘዘ እያለቀሰ ነበር።

«ዕዳው አማረረው፣ እህቴ። ለማስተርሱ ከሁለት የቁጠባና ብድር ማኅበር ተበደረ። ባለፈው ወር ሁለቱን በአንድ አዲስ ብድር ጠቅልሎ የወር ክፍያው ቀለለለት ስንል፣ ዛሬ ታንኳ ይዞ ብቻውን ወደ ጥልቁ ቀዘፈ። ራሱን ሲወረውር ከዳር አየሁት። ታንኳውን ነፋስ ሲመልሰው ጎትቼ አቆምሁት።»

የነፍስ አባታቸው ቄስ ወልደ ጻድቅ አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም።»

«አባ፣ ያለ ጸሎት ልቅበረው?» አለች።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ የጣናዋ የደቅ ደሴት ልጅ ናት፤ በታንኳ መካከል ነው ያደገችው። ቃልኪዳንን ለብቻዋ ወሰደቻት።

«ክፍያው ቀለለለት?»

«የት ቀሎ! አዲሱም አሮጌዎቹም ባንድ ላይ ከደመወዙ ተቆረጡበት። የዚህ ወሩ ለጤፍ እንኳ አልተረፈም።»

«አሮጌዎቹን ሊዘጋ የነበረው ማን ነው?»

«አዘዘ። የማኅበሮቹን ሰዎች አውቃቸዋለሁ ብሎ ብሩን ተቀበለው።»

ፀሐይወርቅ ግንቡን ተደግፎ ወደቆመው፣ ከደንገል ሸምበቆ ወደታሰረው ታንኳ ሄደች። ሆዱን በአውራ ጣቷ ጫነችው። ከዚያ ሁሉንም ጠራች።

«አቶ አዘዘ፣ ዛሬ የጎተቱት ይህንን ነው?»

«ይኸው ነው። ሌላ የት አለ?»

«እስቲ ይንኩት።»

አዘዘ አልነካውም።

«ደንገል ውሃ ይጠጣል» አለች ፀሐይወርቅ። «ሐይቅ የገባ ታንኳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቢውል ሆዱ አይደርቅም። ይህ ግን ሲጫኑት ይንኮሻኮሻል፤ ዛሬ ውሃ አልነካም። እንግዲያ መልካሙ አልቀዘፈም፤ ሲቀዝፍ አየሁ ያለውም ዋሽቷል። አስከሬኑም የተገኘው ጥልቁ ላይ ሳይሆን እዚሁ ግንቡ ሥር ነው። ለምን ተዋሸ? የአሮጌዎቹ ዕዳዎች መዝጊያ ብር ማኅበሮቹ ጋ አልደረሰም፤ ደርሶ ቢሆን ኖሮ መቁረጡ ይቆም ነበር። መልካሙ ዛሬ የመጣው ሊሞት አይደለም፤ ብሩን ሊጠይቅ ነው።»

አዘዘ ፊቱን ከታንኳው አዞረ። «የራሴ ዕዳ አንቆኝ ነበር። እመልሰዋለሁ ብል ‹አሁኑኑ ሄጄ እናገራለሁ› አለኝ። ገፋሁት። ዋና እንደማይችል አውቃለሁ። እጁን ዘረጋልኝ… ቆሜ አየሁት።»

ቃልኪዳን ቄሱን ብቻ አየቻቸው።

«ፍትሐቱ ይደረጋል፣ ልጄ» አሉ።

ተደረገ። ሦስቱ ብድሮች እንዳሉ ናቸው። ርሆቦት አባት የላትም።