ውብነሽ የሰማችው ቃል

«ጮኻ ነግራታለች እኮ! እሷ ግን እሺ ብላ እዚያው ቀረች። ግትርነት ካልሆነ ምን ይባላል?» አሉ አንዲት ለቀስተኛ።

ለጢፋ ከድንኳኑ ጥግ፣ ከእናቷ ከሀጂራ አጠገብ ተቀምጣለች። ጮኻ አስጠንቅቃለች ብለው ሴትዮዋ እሷን ማመስገናቸው ነበር። ምስጋናው ግን አንገቷን አስደፋት።

አጋሮን መሬት ያናወጣት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ሬዲዮው «መጠነኛ» አለው። እውነትም ጥቂት ቤቶች ተሰነጠቁ። በትምህርት ቤቱ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ወድቆ መስታወቱ ረገፈ፤ ሹማምንቱም ከሁሉ አስቀድመው እሱን አሰቀሉ። የቡናው መጋዘን የኋላ ግድግዳም ተናደ። ከሥሩ ሆና የሞተችው ውብነሽ ብቻ ናት። እናቷ ያለምወርቅ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ለእሳቸው ጉዳቱ መጠነኛ አልነበረም።

ትምህርት ሲዘጋ ሁለቱ ጓደኛሞች መጋዘኑ ውስጥ ቡና ይለቅሙ ነበር። ውብነሽ ከጎጃም ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ኦሮምኛ የምታስተምራት ለጢፋ ነበረች። «ኮቱ» ማለት «ነዪ»፣ «ገላቶሚ» ማለት «አመሰግናለሁ» እንደሆነ ነግራታለች፤ ሌላውን ገና አልደረሱበትም። ሲሽቀዳደሙ ውብነሽ ከዘገየች ለጢፋ በአማርኛ «በይ! በይ እንጂ!» እያለች ታጣድፋታለች። ከዚያ ይሳሳቃሉ።

የዚያን ቀን ለጢፋ ግርዱን ልትደፋ ደጅ ወጥታ ሳለ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ስትደነግጥ አፏ ላይ የመጣላት የእናቷ ቋንቋ ነው።

«ባኢ! ባኢ!» ብላ ጮኸች። በኦሮምኛ «ውጪ» ማለቷ ነበር።

ውብነሽ የሰማችው ግን «በይ! በይ!» ነው። ጉርምርምታውም የጭነት መኪና ሳይመስላት አልቀረም።

«እሺ! ይቺን ልጨርስ!» አለች ከውስጥ፣ እየሳቀች። ግድግዳው የተናደው ያኔ ነው።

«ኮቱ» ብትላት ኖሮ ትመጣ ነበር። ይህ ከገባት ወዲህ ለጢፋን እህል አልወርድ ብሏታል።

«ልጄ እንዲህ አልነበረችም» አሉ ያለምወርቅ። «ስጠራት አቤት ብላ የምትሮጥ ልጅ ናት። ምን ነክቷት ነው እምቢ ያለችው?»

ለጢፋ ልትነሳ ስትል ሀጂራ እጇን ለቀም አደረገቻት።

«ታኢ! ተቀመጪ!» አለቻት በሹክሹክታ። «የአላህ ቀደር ነው፣ የእሱ ውሳኔ። አሁን ብትናገሪ ሰው ገደለቻት ይልሻል።»

«ግትር ነበረች እያሏት እኮ ነው፣ እማ።»

ሀጂራ እጇን አልለቀቀቻትም።

ለጢፋ ጣቶቿን ቀስ ብላ አላቀቀች። በለቀስተኞቹ መሀል አልፋ ያለምወርቅ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እትዬ፣ ውብነሽ እምቢ አላለችም» አለች። «የሰማችውን ታዘዘች። እኔ ነኝ በማታውቀው ቋንቋ የጠራኋት።»